የጀርመኑ ስድስት አልበምና የአልጋችን እግር

አስቀድሜ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ ብትሰሙኝ ትፈርዱብኛላችሁ። ሰበታ ውስጥ አንድ የሹራብ ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነኝ። ሠራተኛው ሲወጣ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ እኔ ከብብቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እዳብሰዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩት እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ወፈር ብሎ የሚወጣ ሰው ለእኔ ሰው አይደለም፣ ሹራብ ነው። አንዱን አራት ደርቦ ሊያልፍ ሲል ይዤዋለሁ፤ ተመስግኜበታለሁም። በሳምንቱ ግን የአንዲት ሴት ሆድ አላምር ብሎኝ ለሴቷ ፈታሽ በዓይኔ ጠቆምኩና የስምንት ወር ፅንስ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ጥርጣሬውን ከዩኒፎርሙ ጋር አውልቆ ግድግዳ ላይ አይሰቅልም። ይዞት ይገባል፣ አብሮት ራት ይበላል። ባለቤቴ ብርቄ ይህን አውቃ አገባችኝ ማለት አልችልም፤ ስታገባኝ ፈታሽ አልነበርኩም። ምን እንደነበርኩ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ጀርመኑ ልግባ።

ብርቄ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋም ሳሎናችን መስኮት ሥር ነው ያለው። እየሰፋች ሬዲዮ መስማት ልማዷ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ግን ገና በሩ ላይ የማላውቀው ወንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ዝግ ያለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተጠግቶ የሚያወራ የሚመስል ድምፅ ነው። ዘልዬ ገባሁ። ብርቄና አንዲት ትንሽ ስፒከር ብቻ ናቸው ያሉት፤ ስፒከሯ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል።

"ማነው?" አልኳት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

"ጀርመን ነው።"

"ምን እያለ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"የሚለውን ካላወቅሽ ለምን ትሰሚዋለሽ?"

"አንተ የምትለው ሁሉ እየገባኝ ነው እንዴ የምሰማህ?" አለችና መኪናዋን አንኳኳችው።

የዘፋኙን ስም እዚህ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ቤቴን ለበጠበጠ ሰው በነፃ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ጀርመኑ እንበለው። ጀርመኑ ያን ሳምንት በየቀኑ ዘፈነ። እኔም በየቀኑ አጠናሁት። ዘፈኑን ማለቴ አይደለም፣ ብርቄን ነው። አንድ ዘፈን ነበር፤ እዚያ ላይ ሲደርስ የስፌት መኪናዋ ይቆማል። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት፣ አርባ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት ታያለች! ዘፈኑ ሲያልቅ መኪናው ይቀጥላል። ይህን እንግዲህ ፈታሽ ያልሆነ ሰውም አይቶ ዝም አይልም።

በዚያው ሰሞን አልጋችን ዘመመ። ይህን ለማስረዳት ያን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ ያልኩትን ነገር ማንሣት ሊኖርብኝ ነው። በወጣትነቴ ዘፋኝ ነበርኩ። አትሳቁ። ሦስት ነበርን፦ እኔ ዘፋኝ፣ ለሚ የሚባል ጓደኛዬ ኦርጋን ተጫዋች፣ ሌላው ደግሞ ድራም መቺ፤ እሱ ዛሬ ተጂ ወፍጮ ቤት ከፍቷል። ከሰበታ እስከ ተጂ ያልዘፈንበት ሰርግ አልነበረም። ታዲያ አንድ ነገር ተከታተልኩና ደረስኩበት። ሰው የሚያጨበጭበው ለኦርጋኑ ነው፤ ምክንያቱም ማይኬን ቀንሰውብኛል። ለሚን ፊት ለፊት ጠየቅሁት፤ ዝም አለ። ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ያኔም ዛሬም በእኔ በር አያልፍም። ጥያቸው ወጣሁና ብቻዬን አንድ ካሴት አወጣሁ።

ካሴቱን ገዛ የተባለልኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ባዶ መስሎት የልጁን ክርስትና ሊቀዳበት ነበር። ሌላውን ሱቆቹ በካርቶን መለሱልኝ። ካርቶኑ ዓመት ለዓመት እየሳሳ መጥቶ በመጨረሻ አራት ካሴት ቀረ። አራቱን ደራርቤ በእኔ በኩል ካለው አጭሩ የአልጋችን እግር ሥር አደረግኋቸው። ጥሩ ይሸከማሉ። ከሙዚቃ ሥራዬ ለቤታችን የጠቀመ ይኸው ብቻ ነው።

አሁን አልጋው ወደ እኔ ሲያዘነብል ተንበርክኬ አየሁ። ካሴቶቹ ሦስት ናቸው።

"ብርቄ፣ አንዱ የት ሄደ?"

"አይጥ ወስዶት ይሆናል።"

ካሴት የሚወስድ አይጥ! ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ሴትዮዋ ከአልጋ ልትጥለኝ ፈልጋለች። ማስረጃ ነው ብዬ ምንም ሳልነካ እንዳለ ተውኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጬ ተኛሁ።

ሦስተኛው ማስረጃ የልብስ ልክ ከምትጽፍበት ደብተሯ ላይ ተገኘ። እንዴት ተገኘ አትበሉኝ፤ ፈትሼ ነዋ። ከአንዲት ተማሪ የወገብ ልክ ቀጥሎ በብርቄ የእጅ ጽሑፍ የጀርመኑ ታሪክ ሰፍሯል። መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚዘፍን፣ ከዚያ ጥሏቸው ብቻውን እንደወጣ ይላል። አንደኛው አልበም አልተሸጠም። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ላይ ሰው ሳቀበት። በአራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘፈነና ሆነለት፤ አምስተኛውና ስድስተኛው እየበሰሉ ሄዱ። ሦስቴ አነበብኩት። ብርቄ ጀርመንኛ አትችልም። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ነገራት? ያኔ ነው የገባኝ፤ ጀርመኑ ሩቅ ነው፣ የሚያስረዳላት ሰው ግን ቅርብ ነው።

ብርቄ ቅዳሜ ቅዳሜ "ክርና ቁልፍ ልግዛ" ብላ መርካቶ ትሄድ ነበር። ስትሄድ የምትለብሰው ደግሞ ያንን ወፍራሙን፣ አንገቱ የሚታጠፈውን ሹራብ ነው። በሹራብ ጉዳይ እኔን ማታለል አይቻልም። በዚያ ሁሉ ሰው ግፊያ መሃል መርካቶ ውስጥ ያንን የሚለብስ ጤነኛ የለም። ያ ሹራብ የሚለበሰው ብርዱ ካለበት፣ ከእንጦጦ ወዲያ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ ወስጄ፣ በማስክና በቆብ ተሸፍኜ ተከተልኳት። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሦስት ታክሲ ቀያየርን። የሱሉልታው ታክሲ ላይ አንዲት በርበሬ የጫነች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ሳሌ መጣብኝ። እንደምንም አፍኜው እንጦጦን ተሻገርን፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን አመለጠኝ። ብርቄ አልዞረችም። በልቤ ሙያዬን አደነቅሁ።

ሱሉልታ ወርዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ሰማያዊ በር አንኳኳችና ገባች። ወዲያው ያ የጀርመኑ ድምፅ ከግቢው ተሰማ፤ ከዚያም የብርቄ ሳቅ። በእኔ ቤት እንዲያ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው! አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ሱሉልታ ላይ ግን ቆሞ የሚጠራጠር ሰው ያስነቃል፤ እዚያ ሁሉም ይሮጣል። አንድ አጥር ጥግ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱ ሯጮች ያዩኝ ጀመር። እንዳልታወቅ ብዬ እኔም ጎንበስ ቀና አልኩ።

"ጋሼ፣ ጉልበትዎን አይጠፉት፤ ከወገብ ነው" አለችኝ አንዲት ቀጭን ልጅ በአክብሮት።

ከወገብ አደረግሁት። ከዚያ ፉጨት ተሰማ፤ ሁሉም ተነሥተው ሮጡ። እኔ ብቻዬን ልቀር ነው? በቆዳ ጫማዬ ተከትያቸው ሮጥኩ። "አይዞን ጋሼ!" እያሉ አልፈውኝ ሄዱ፤ አንድ ሁለት ላሞችም አለፉኝ መሰለኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ተረከዜ ተልጦ፣ እያነከስኩ ወደ ሰማያዊው በር ስመለስ ብርቄ ሄዳለች። ቤት ስገባ ቀድማኝ ደርሳ ቀሚስ ትሰፋለች።

"እግርህን ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ።

"ሥራ ቦታ" አልኳት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ ሽማግሌ ነበር። ቡራዩ ያሉትን አጎቴን ጋሽ መኩሪያንና ጎረቤታችንን ነጋዴውን ሐጂ ሰይድን ለመንኩ። "ወይ ጀርመኑ ከቤቴ ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ" ብያለሁ። ብርቄ ስትሰማ አልጮኸችም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። መቀሷን አስቀመጠች።

"ሽማግሌ ከጠራህ እኔም የራሴን አንድ እጠራለሁ። እኔም የምለው አለኝ። ከእሑድ ወዲያ በዚህ ቤት ፍተሻ ካልቆመ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ደብተሬን፣ ቦርሳዬን፣ ሳቄን ሳይቀር ስትፈትሽ ኖርክ። ደከመኝ።"

የእውነቷን ነበር። ስፌት ላይ ያለ ሰው ሲዋሽ እጁ ይፈጥናል፤ የእሷ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ያን ሌሊት የአልጋውን ጠርዝ የያዝኩት ላለመውደቅ ብቻ አልነበረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ መኩሪያና ሐጂ ሰይድ ሳሎናችን ተቀመጡ። ቆሎና ሻይ ቀረበ። የብርቄን ሽማግሌ ስንጠብቅ በሩ ተከፈተ።

"አካም ጅርቱ!" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለ የገባው ሰው።

"ነጋ፣ ነጋ! ኦቦ፣ ግባ" አሉት ሐጂ።

ፀጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው ጎብጧል፤ ግን ያ ዝም ብሎ የሚያይ ዓይን አልተለወጠም። ለሚ ነበር! ማይኬን የቀነሰው ለሚ!

"ጋሼ፣ ይሄ ሰው ሽማግሌ ሊሆን አይችልም፤ ባላጋራዬ ነው!" አልኩ ተነሥቼ።

ጋሽ መኩሪያ የለሚን ፀጉር አዩና "ይሆናል፣ ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀምጬ ክሴን አሰማሁ። የዘፈኑን፣ የአልጋውን፣ የደብተሩን፣ የሹራቡን። ሩጫውን ዘለልኩት። ስጨርስ ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"የጀርመኑንስ ቃል ሳንሰማ እንዴት ነው የምንፈርደው? ከሳሽ ተናገረ፣ ተከሳሽም ይናገር እንጂ።"

"እውነት ነው" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ከመጀመሪያው ይጀምር።"

እንዲህ ሆኖ ነው ሦስት ሽማግሌ ሰበታ ላይ ተሰይሞ የአንድ ጀርመናዊ ስድስት አልበም በተራ ያደመጠው። አንደኛው አልበም ጩኸት ነው። ጋሽ መኩሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ማን ላይ ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

"ጓደኞቹ ላይ ነው፣ ጋሼ" አለ ለሚ። "ቤቴ የተከራየ የአገሩ ሰው አለ፤ ለሩጫ ልምምድ የመጣ። ዘፈኑን የሰጠኝ እሱ ነው፣ ታሪኩንም እሱ ነው ያጫወተን። ሦስት ሆነው ይዘፍኑ ነበር። ይጋርዱኛል ብሎ ጠረጠረና ጥሏቸው ወጣ።" ይህን ሲል ጀርመኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

"ታዲያ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አልነበረም?" አሉ ሐጂ።

"ያገራቸው ልማድ አይደለም መሰለኝ።"

"በከንቱ ነዋ ይህን ያህል የደከመው!" አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው አዝነው።

ሁለተኛው አልበም ላይ ሻይ ተደገመ። ሦስተኛው ላይ ጋሽ መኩሪያ "ሰው የሳቀበት እውነቱን ነው" አሉ። ከዚያ አራተኛው ጀመረ። ያ ዝግ ያለው ድምፅ መጣ። ያ መኪና የሚያስቆመው ዘፈን መጣ። ብርቄ አንገቷን ደፋች። ጋሽ መኩሪያ "አሁን ሰው ሆነ" አሉ ቀስ ብለው። አምስተኛውና ስድስተኛው አለፉ።

"ሰማችሁ አይደል? አልቋል፤ እንግዲህ ፍረዱ" አልኩ።

"አላለቀም፤ ሰባተኛ አለ" አለ ለሚ።

ሰባተኛው ሽሽ በሚል ድምፅ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር፣ በአማርኛ ይጮህ ጀመር። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ጠረጴዛውን መታሁ።

"ይሄኛውስ ማነው? ብርቄ፣ ይሄኛውስ? አንድ ጀርመን አልበቃ ብሎ አማርኛ የሚችል ተጨመረልኝ!"

ሐጂ ጣራውን አዩ። ጋሽ መኩሪያ ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ ለመለየት አልቻልኩም። ያኔ ሁለተኛው አዝማች መጨረሻ ላይ ጎረምሳው አሳለ።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። የቀረጻው ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ እንደገና እንቅዳው ብል ተራህ አልቋል ብለው አስወጡኝ። ከአልጋዬ እግር ሥር የወጣው ካሴት ነው። የምጠረጥረው ሰው እኔ ነኝ።

"ለሚ ሱሉልታ ቤቱ ባለው ሱቅ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል ሲሉኝ ነው የወሰድኩት" አለች ብርቄ። "ሄጄ ሳስገለብጥ ጀርመኑ ሲዘፍን ሰማሁ፤ ታሪኩን ልስማ ብዬም ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስኩ። ያ አራተኛው ላይ ያለው ድምፁ አንተን መሰለኝ። እዚህ የምትጮኸውን አይደለም። ሳንጋባ ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ ዝግ ብለህ የምትዘፍንልኝን። እሱ ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ተነሣ። አንተ አንድ ጊዜ ወድቀህ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት በር ላይ ቆመህ የሰው ብብት ትፈትሻለህ። እኔ ያገባሁት ያንን የሚያስለውን ልጅ ነበር። የት አደረስከው? ሽማግሌ መጥራት የነበረብኝስ እኔ ነኝ።"

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ በዚያች እርጉዝ ሴት ጊዜ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም። የምይዘው ባጣ ወደ ለሚ ዞርኩ።

"አንተ ግን እውነቱን ንገረኝ። ማይኬን ቀንሰህብኝ ነበር?"

"አዎ፣ ቀንሼብህ ነበር።"

"ሰማችሁ! አላልኳችሁም?"

"ስትጮህ ድምፅህ ይበላሻል" አለ ለሚ ሳይቆጣ። "ዝግ ስትል ግን ሰርገኛው መብላቱን ያቆም ነበር። ዝግ በል ብልህ ትጠረጥረኛለህ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ቀነስኩልህ። ሃያ ዓመት ሙሉ መጥተህ ትሰድበኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ስድብም አልመጣ።"

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና ጋሽ መኩሪያ ፍርዱን ተናገሩ። ጀርመኑ ነፃ ነው፤ የቤቱ እንግዳ ስለሆነ ይቀመጥ። ፍተሻ ከፋብሪካው በር አይለፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልና ሚስት አብረው ሱሉልታ ይውጡ። እኔም ተነሥቼ የለሚን ትከሻ ሳምኩ፤ ብርቄንም ይቅርታ ጠየቅሁ።

"ይህ ሁሉ ሲሆን ዘፋኙ አንድ ሳይዘፍን ልንሄድ ነው?" አሉ ሐጂ።

እምቢ አልኩ። ለመኑኝ። ማይክ የለ፣ ኦርጋን የለ፤ የሚቀንስብኝም የለ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዝግ ብዬ፣ ያንን የውኃ መንገዱን ዘፈን ጀመርኩ። ድምፄ አርጅቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ምን ያህል እንደጠሉት ልይ ብዬ አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። ጋሽ መኩሪያ ቆሎውን በእጃቸው እንደያዙ ናቸው። ማላመጥ አቁመዋል።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ብርቄ "ታክሲው ላይ ስታስል አውቄሃለሁ እኮ" አለችኝ። "አብረኸኝ ትገባለህ ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ ከሯጮቹ ጋር ጠፋህ።"

ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥታ እግሩ ሥር ልመልሰው ወይ አለችኝ። ተዪው አልኳት። አልጋችን እስከ ዛሬ ወደ እኔ እንዳዘነበለ ነው። ጠዋት ስነቃ ብርቄ ተንሸራታ እኔ ዘንድ መጥታ አገኛታለሁ። አልጋው ነው ትለኛለች። ፍተሻ ተከልክያለሁና አልመረምርም፤ ግን አልጋው ብቻ አይመስለኝም።